ስድስተኛው ካርድ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ካባ አለበሱኝ። ሰርተፊኬት በመስታወት አድርገው ሰጡኝ፣ ኬክ አስቆረሱኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ አለቃዬ ተነስቶ ማይኩን ያዘና «ሲስተር ዘነበች አንደበት ለሌላቸው አንደበት የሆነች ባለሙያ ናት! ፍርድ ቤት ድረስ ሄዳ የአንዲትን እናት ንግግር ያስመሰከረች!» አለ። ተማሪዎቹ እንደገና አጨበጨቡ። እኔ ካባው ውስጥ ደሜ ፈላ። ማይኩን ነጥቄ «ውሸታም!» ልለው ብድግ ስል አጠገቤ የነበረችው ልጄ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «እማዬ፣ በእግዚአብሔር፣ ዛሬን እንኳ!» አለችኝ። ያን ዕለት የዋጥኩትን ነው አሁን የምናገረው።

የአለቃዬን ስም እዚህ አልጠራም። የማልጠራው ግን አክብሬው አይደለም። አክብሮ ስም አለመጥራት ምን ማለት እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ እሱ ያን አያውቅም፤ እኔም በሰው ቁስል ነው የተማርኩት። ስንት ዓመት አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው «እሱ» ማለቴም አምልጦኝ አይደለም።

ዲላ ነው ተወልጄ ያደግኩት። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ብቻ ነው። ጌዴኦኛም ሲዳምኛም የምሰማው ከባንኮኒው ማዶ ነበር፤ ዋጋ ለመከራከር የሚበቃኝን ያህል ለቀምኩና ተውኩት። ከዚያ በኋላ ዕድሜዬን ሙሉ «እኔ እኮ የአገሩ ልጅ ነኝ» እያልኩ ስኩራራ ኖርኩ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ነርስ ሆኜ መጀመሪያ የተመደብኩት ገደብ ነው። የጆሮ ነገር የያዘኝ እዚያ ነው። ጆሮው መግል የሚያፈስ ልጅ በየቀኑ ይመጣል፤ እናቱ ዘይት ጨምራበታለች፣ ጎረቤት ቅጠል ጨምቆበታል፣ አንዱ ጋ ደግሞ የቡና ፍሬ ገብቶ ከርሞ አግኝቻለሁ። ልጁ ይድንና ንግግሩ ግን ይቀራል። ያልሰማውን ከየት ያምጣ? ይህን እያየሁ ስብከነከን ስልጠና ተላክሁ፤ ስመለስ ዲላ ውስጥ የንግግርና የመስማት ችግር የሚታይበት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለተግባር ልምምድ የሚመጡበት ክሊኒክ ተመደብኩ። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል፤ ዛሬ ሌላ የምናደድበት አለኝ።

ክሊኒኩን ያቆሙት ጋሽ ወልዴ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማረውና እሳቸው ናቸው ሰው ያደረጉኝ። የመስማት መመርመሪያ ክፍል ይሠራልን ብለው ሲጠይቁ የሚሰማቸው ጠፋ፤ አንዲት የዕቃ ክፍል ወስደው ግድግዳዋን በፍራሽ ስፖንጅና በቡና ጆንያ ለበጡት። ባጃጅ ሲያልፍ እጃቸውን ያነሳሉ፤ ባጃጁ እስኪርቅ ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ከዚያ ድምፁን ይለቃሉ። ያቺ ክፍል እስከ መጨረሻው ጆንያ ጆንያ እንደሸተተች ነበረች።

ጋሽ ወልዴ በሽተኛን በቀጥታ ወደ ውስጥ አያስገቡም። ግቢው ውስጥ አቮካዶው ሥር አንድ አግዳሚ ነበረች። እዚያ ወረቀት ሳይዙ አብረውት ይቀመጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ ያወሩታል። መሐል ላይ ጋዜጣ አጥፈው አፋቸውን ይጋርዱና አንድ ነገር ይጠይቃሉ፤ ካልመለሰ ሲሰማ የነበረው በዓይኑ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ «ቤት ውስጥ ብዙ የምታወራው ከማን ጋር ነው?» ይሉታል። ያመጣው ሰው ሌላ ከሆነ ሻይ ጠጣ ብለው ያስወጡታል። «አንዳንዱ አስታማሚ ራሱ በሽታ ነው» ይሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የሥዕል ካርድ ምርመራችን ደንብ አለው፦ በሽተኛው አምስት ካርድ በተከታታይ ከሳተ አቁምና ጻፍ ይላል። እሳቸው አንድም ቀን አምስት ላይ ቆመው አያውቁም። «አምስት የሳተ ሰው ስድስተኛው ላይ አይገኝም ያለሽ ማነው?» ብለው ይቆጡኛል። እኔ በሆዴ፣ ሽማግሌው ጊዜ ተረፋቸው እል ነበር።

እሳቸው ጡረታ ወጡና ይኸኛው አለቃዬ መጣ። መጀመሪያ የሠራው ሥራ ምን መሰላችሁ? አግዳሚዋን አስነስቶ አቮካዶው ሥር መኪናውን አቆመ! ጥላ ነዋ! ቀጥሎ በአንድ ጠዋት የሚታየውን ሰው ቁጥር ከፍ አደረገና በር በሩን እየዞረ «ፎርሙ ይሞላ፣ ፎርሙ ይሞላ» ይለን ጀመር። እውነቱን ልናገርና፣ ለመድኩት። ተቆጥቼ ለመድኩት። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አምስት ላይ በማቆም የክሊኒኩ አንደኛ ሆንኩ።

ወይዘሮ አየለች የመጣችው ያኔ ነው። የእኔ እኩያ ናት። ተወልዳ ያደገችው ሲዳማ ነው፤ የተዳረችው ግን ጌዴኦ፣ ዱመርሶ ነው። ባሏ ሞቷል። ከወራት በፊት ንፋስ መትቷት ፊቷ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ነበር፤ ስትመጣ አብዛኛው ተመልሷል። ያመጣት ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ጫማው የተወለወለ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው። «ንግግሯ ተበላሽቷል፣ ሲስተር። ይመርመርልንና ወረቀት ይሰጠን፤ ለሕክምናዋ ነው» አለኝ። አመንኩት። በረንዳው በሰው ተሞልቷል፤ እሱንም ሻይ ጠጣ ብዬ አላስወጣሁትም፣ ከእሷም ጎን አልቀመጥኩም። መቀመጫውስ የታለና?

አብራኝ ያለችው ተማሪ ትዕግሥት ትባላለች፤ የመጨረሻ ዓመት ናት፣ የገደብ ልጅ። የምጽፈውን ሳይሆን የምንሰማውን ቃል በቃል እንድትጽፍ አዘዝኳት።

«በምን መጣሽ?» አልኳት ወይዘሮ አየለችን።

«መኪና አመጣኝ።»

«ቁርስ በላሽ?»

«ቀምሻለሁ።»

ካርዶቹን አወጣሁ። የመጀመሪያዎቹ በከንፈር የሚወጡ ድምፆች ናቸው፤ ሕፃን ቶሎ የሚይዛቸው እነሱን ስለሆነ ከቀላሉ ይጀመር ተብሎ ነው። በር አሳየኋት። ዋርሳዋን አየት አደረገችና ዓይኗን ሰበረች። «የምንገባው… የጎጆ አፍ» አለች። በግ አሳየኋት። «የፍየል እህት።» በሬ። «የላም ወንዱ።» በቆሎ። «የሚጠበሰው።» አምስተኛው በርበሬ ነው። «ቀይዋ… የምታቃጥለው» አለችና ላቧን ጠረገች።

ወይ ጉድ! ትምህርት ቤት የተማርነው እንዳለ ፊቴ ተቀምጧል። ስሙ ሲጠፋበት ዙሪያውን የሚዞር በሽተኛ፤ «በመኪና» ማለት አቅቶት መስተዋድድ የሚጥል በሽተኛ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለተማሪዬ ማሳያ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ትዕግሥት ጎንበስ ብላ «ሲስተር፣ እቺን ይዩዋት» አለችኝ፤ ጣቷን ፎርሙ ላይ፣ የአስታማሚ ስም የሚጻፍበት መስመር ላይ አደረገች። በእስክሪብቶዬ ጣቷን መታ አደረግኩና «ጻፊ እንጂ አትጠቁሚ!» አልኳት። አለቃዬ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አምስት ተስቷል። ካርዶቹን ሰበሰብኩ፤ ስድስተኛው እንደተደፋ ቀረ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ቃላት ይጠፉባታል፣ መስተዋድድ ትጥላለች፣ ሐሳቧን በቃል በአግባቡ መግለጽ አትችልም። ፈረምኩ። አለቃዬ ሳያነብ ማኅተም መታበት። ዋርሳዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና አመስግኖ ወጣ።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ትዕግሥት ደብተሯን ይዛ መጣች። በሩን ዘጋችው።

«ሲስተር፣ ይቆጡኛል?»

«መቆጣቴማ የት ይቀራል፤ ተናገሪ!»

«እቺ ሴትዮ የጠፋት ቃል የለም። የዘለለችው ቃል ነው ያለው። አያቴ ከሲዳማ ነው ወደ እኛ የተዳረችው፤ እሷም እንዲሁ ነው የምታወራው። ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ አይደለም፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተዋለች። ሌላ ቃል ትፈልግለታለች። አክብሮት ነው።» ከዚያ ፎርሙን አወጣችና ያን ቀን ጣቷን ያኖረችበት ቦታ መልሳ አኖረች። የአስታማሚ ስም ይላል፤ ዋርሳዋ በራሱ እጅ «ታደሰ በየነ» ብሎ ጽፏል።

በየነ። የሴትዮዋ አማት አቶ በየነ ናቸው። በር፣ በግ፣ በሬ፣ በቆሎ፣ በርበሬ። «በላሁ» አላለችም፣ «ቀምሻለሁ» አለች። «በመኪና መጣሁ» አላለችም፣ «መኪና አመጣኝ» አለች። መስተዋድድ ጣለች ብዬ የጻፍኩት፣ በ የምትባለዋን ከአማርኛዋ ውስጥ ለቅማ አውጥታ፣ ያለ እሷ አሳምራ ስትናገር ነው! እስቲ እናንተ ሞክሩት። አንድ ቀን ሙሉ ያለ በ ተናገሩና ንገሩኝ። እኔ ሞክሬው ከቁርስ አላለፍኩም።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት፤ እፍረት የሌለኝ።

«ጻፊ አሉኝ፤ ጻፍኩ» አለችኝ።

በማግስቱ ዱመርሶ ወረድኩ። ካርዶቹንም ይዣለሁ። ወይዘሮ አየለች ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፤ ልጇም ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው ከቤቱ ጀርባ ባለው የቡና ማሳ ነው። ደጃፉ ላይ ጎኗ ተቀመጥኩና ወግ ጀመርን። ወረቀት አላወጣሁም። ቆይቼ ስድስተኛውን ካርድ ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየኋት።

«ማር» አለች ወዲያው፤ ሳቀች። «ማርን ማን ያጣዋል?»

የቀሩትንም አሳየኋት። ማንኪያ፣ ላም፣ ጤፍ፣ ዝናብ። አንድም አልሳተች። «እህቴ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እንዴት ልንገርሽ? ስማቸውን ላለመጥራት ስማቸውን ልጥራ? ደግሞ ልጃቸው እዚያ ተቀምጦ!»

«እሱስ ይሁን፤ ግን ይሄ የሲዳምኛ ነገር አይደለም እንዴ? አማርኛው ምን አገባው?»

«ሌሎቹ አማርኛ ሲያወሩ ይተዉታል። እኔ ግን አፌ አንድ ነው» አለችኝ።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ማሳውን ለእሷና ለባሏ በጋብቻቸው የሰጧቸው አማቷ ናቸው። ሲሰጧቸው በቦታው ከነበሩት ሰዎች በሕይወት ያለችው እሷ ብቻ ናት። ባሏ ሲሞት ዋርሳዋ «መሬቱ ያልተከፋፈለ የአባቴ ውርስ ነው» ብሎ ከሰሰ። እኔ ዘንድ ያመጣት ለሕክምና አልነበረም፤ አፏን ሊያዘጋ ነው። የቤቱን ልማድ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በጆሮው ሲሰማው አድጓል።

«ዳኛው ‹መሬቱን ማን ሰጣችሁ?› አለኝ» አለች። «‹የልጆቼ አያት› አልኩት። ‹ስም ጥሪ!› አለኝ። ዝም አልኩ። ወረቀትሽን አንስቶ አየው። ‹አሃ› አለ። ለፍርድ ቀጠረን።»

ልጇ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። «ማሳው ከሄደ እኔ ወዴት ልሂድ?» አለችኝ።

ክሊኒክ ተመልሼ አዲስ ወረቀት ጻፍኩና ለአለቃዬ ማኅተም አቀረብኩ። አነበበው። ይኸኛውን አነበበው!

«ማኅተም የመታንበትን ወረቀት ተሳስቷል ብለን እንጻፍ? ሰው ምን ይለናል?» አለኝ።

«ተሳስተናላ!»

«አንቺ ተሳስተሻል። ክሊኒኩ አልተሳሳተም። ደግሞስ ባህል ምናምን እያልሽ… እኛ የምንሠራው ሳይንስ ነው።»

«ሳይንስ? ሴትዮዋ ጤነኛ ናት! ጤነኛ ሰው ነው ዲዳ ያደረግነው!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ ተማሪ ይሰማል።»

«ይስማ! ሊማር አይደለም እንዴ የመጣው?» ብዬ በሩን በላዩ ላይ አላተምኩት። ማኅተሙ ግን መሳቢያው ውስጥ ቀረ።

በቀጠሮው ቀን ያለ ማኅተም ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ትዕግሥት ፈተና እያለባት አብራኝ መጣች። ዳኛው ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። ቆሜ ተሳስቻለሁ አልኩ። ለምን እንደተሳሳትኩ ተናገርኩ፤ ትዕግሥትም የአያቷን ነገር አስረዳች። ዋርሳዋ ብድግ ብሎ «እኛ ጌዴኦ ነን፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለ። ዓይኑን እንኳ አላሸም።

ዳኛው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። «አንዱ ማኅተም አለው፣ አንዱ የለውም። ደግነቱ ነገሩ ቀላል ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል ይባል የለ? መናገር የምትችል ከሆነ፣ ማን እንደሰጣት ስሙን አንዴ ትጥራልኝ» አለ።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ጥፋት የሠራሁት። ጌታዬ፣ ይህ ሊሆን አይችልም፣ ይህን ሊያስደርጓት አይገባም ማለት ነበረብኝ። ይግባኝ እንላለን፣ ሽማግሌ ይጠራ፣ የአገር እናቶች ይጠየቁ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቸኮልኩ። የእኔን ስህተት ቶሎ ለማጽዳት ቸኮልኩ። ወደ እሷ ዞሬ «እህቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ! ለልጅሽ ስትይ» አልኳት።

ልጇን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ሥራዬ ነውና ከንፈር አያለሁ፤ ከንፈሯ ገጠመ፣ ቆየ፣ ሊከፈት ሲል መልሶ ገጠመ።

«በየነ» አለች።

ጥርት ያለች በ። ምንም እንከን የላትም። ዋርሳዋ እንኳ አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ አየለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ወጣች። ፍርዱ ሲነበብ እሷ አልነበረችም። መሬቱ ለእሷ ሆነ።

አለቃዬ ይህን ሲሰማ ሪፖርቱ ውስጥ አስገባው። «ክሊኒካችን ለፍትሕ ያበረከተው አስተዋጽኦ» ብሎ! ጡረታ ስወጣ በማይክ ያስጨበጨበብኝም ይኸው ነው። እኔም ሞኟ ዱመርሶ ላይ ስሜ በደግ የሚነሳ መስሎኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እዚያ የሚሉኝን የሰማሁት ዘግይቼ ከትዕግሥት አፍ ነው። «ያቺ ስም ያስጠራችው ሲስተር» ነው የሚሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በርጩማ ገዝቼ ክሊኒክ አስቀመጥኩ። ከበሽተኛው ጎን ሳልቀመጥ ካርድ አላወጣሁም፤ አስታማሚ ሻይ እንዲጠጣ ላክሁ፤ ተማሪዎቼንም አምስት ላይ ያቆመ ተማሪ ከእኔ ማርክ አያገኝም አልኳቸው። አለቃዬ በወር ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ይጽፍልኝ ነበር። ሁሉንም አስቀምጬዋለሁ፤ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ እሱ ያኮራኛል።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ዱመርሶ ሄድኩ። ካባውን ለብሼ አይደለም፣ አትሳቁ። ወይዘሮ አየለች ደጃፏ ላይ ነበረች። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ተስተካክሏል። ቡናው ቀልቷል፤ ልጇ ከልጆቿ ጋር ትለቅማለች። ተሳሳምን፣ ተቀመጥን። እኔ ደግሞ ልማድ ሆኖብኝ፣ ከሁሉም ወሬ መርጬ «አሁን ንግግርሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ስትመረምሪኝ ደህና ነበርኩ፣ ሲስተር» አለችኝ። «አንደበቴ የታመመው ዳኛው ፊት ነው።»

ይቅርታ አድርጊልኝ ልል አፌን ከፈትኩ። እጇን አነሳችና ከለከለችኝ። ገብታ ከምድጃው ሁለት እሸት በቆሎ ይዛ ወጣች፤ አንዱን ልጣጩ ላይ አድርጋ ሰጠችኝ።

«ይልቅ የሚጠበሰው ደርሷል። ቅመሺ» አለችኝ።

አብረን ግጠን ጨረስን። «ሌላ ላምጣልሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ቀምሻለሁ» አልኳት።